የፍላት ሊዝ ማራዘም በእንግሊዝ አገር፦ በሕጉ መንገድ፣ በስምምነት፣ ፍሪሆልዱን በመግዛት ወይስ አዲሱን ሕግ በመጠበቅ?

ለንደን፣ ሊድስ ወይም ካርዲፍ ፍላት የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በእጁ ያለው ለተወሰኑ ዓመታት የሚቆይ ሊዝ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ባለቤትነቱ ወደ ፍሪሆልደሩ፣ ማለትም ወደ ሕንፃውና መሬቱ ዋና ባለቤት፣ ይመለሳል። ችግሩ ግን ከማለቁ ብዙ ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ ዓመቱ ባጠረ ቁጥር ቤቱ ይረክሳል፣ ባንኮች ሞርጌጅ ለመስጠት ያንገራግራሉ፣ የማራዘሚያው ዋጋም ይንራል። አገር ቤት የምናውቀው ሊዝ ከመንግሥት ጋር የሚደረግ የመሬት ውል ነው፤ ለመኖሪያ ቤት እስከ 99 ዓመት ይሰጣል። እዚህ ውሉ ከፍሪሆልደር ጋር ነው፤ ፍሪሆልደሩ ኩባንያ፣ ካውንስል ወይም አንድ ግለሰብ ሊሆን ይችላል፣ ሊዙንም በራሱ ጊዜ አያድስልዎትም። ጠያቂው እርስዎ ነዎት።

የሚነጻጸሩት መንገዶች አራት ናቸው፦ በ1993ቱ ሕግ በሴክሽን 42 ማራዘም፣ ከፍሪሆልደሩ ጋር ከሕጉ ውጭ መስማማት፣ ከጎረቤቶች ጋር ሆኖ ፍሪሆልዱን (የሕንፃውንና የመሬቱን ዋና ባለቤትነት) መግዛት፣ እና የ2024ቱ ሕግ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ እስኪውል መጠበቅ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የተጻፈውም ለእንግሊዝና ለዌልስ ብቻ ነው። ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት።

ከሁሉ በፊት፦ ስንት ዓመት ቀረ?

ሰዎች «የ125 ዓመት ሊዝ አለኝ» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ውሉ ሲጀመር የተጻፈውን ቁጥር ነው። ለዋጋው የሚቆጠረው የቀረው ነው። ከላንድ ሬጅስትሪ የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የቤትዎን ታይትል ሬጅስተር በ£7 ያውርዱ፤ ሊዙ የተፈረመበት ቀን፣ ጠቅላላ ዓመቱና ዓመቱ መቆጠር የጀመረበት ቀን እዚያ ላይ ሰፍሯል። የተፈረመበትና መቆጠር የጀመረበት ቀን አንድ ላይሆኑ እንደሚችሉ ልብ ይበሉ።

ይህ ልዩነት በተለይ ከካውንስል በራይት ቱ ባይ (ተከራዩ የሚኖርበትን ቤት የመግዛት መብት) የተገዙ ፍላቶች ላይ ብዙ ሰው ያሳስታል። የራይት ቱ ባይ ሊዝ በተለምዶ 125 ዓመት ነው። ነገር ግን በዚያው ሕንፃ ውስጥ ቀደም ብሎ የተሸጠ ፍላት ካለ፣ ካውንስሉ በኋላ የሚሸጠውን ሊዝ ከፊተኛው ጋር በአንድ ቀን እንዲያልቅ አድርጎ መስጠት ይችላል። የመጀመሪያው ፍላት በ1983 ተሽጦ ከሆነ ሊዙ የሚያልቀው በ2108 ነው፤ በ2005 የገዛው ቤተሰብ ሊዝም በዚያው ዓመት ያልቃል። ቤተሰቡ በ2026 ላይ 104 ዓመት የቀረው ይመስለዋል። በወረቀቱ ላይ ያለው ግን 82 ነው።

ሁለተኛው መታየት ያለበት የግራውንድ ሬንቱ፣ ማለትም ለፍሪሆልደሩ በየጊዜው የሚከፈለው የመሬት ኪራይ፣ አንቀጽ ነው፤ ይህ ሬጅስተሩ ላይ ሳይሆን በራሱ በሊዝ ውሉ ውስጥ ነው ያለው። £10 ብቻ ከሆነና ካልጨመረ ነገሩ ቀላል ነው። በየ10 ወይም በየ25 ዓመቱ እጥፍ የሚሆን ከሆነ ግን የማራዘሚያውን ዋጋም ከፍ ያደርጋል፣ ገዢና ባንክንም ያስፈራል። ውሉ ከጠፋብዎት ቅጂውን ከላንድ ሬጅስትሪ ማዘዝ ይቻላል።

የ80 ዓመቱ መስመር በገንዘብ ሲታይ

በሕጉ መንገድ ለፍሪሆልደሩ የሚከፈለው ፕሪሚየም የሚሰላው ከሚያጣው ነገር ተነሥቶ ነው። አንደኛ፣ እስከ ሊዙ ማብቂያ ይሰበስበው የነበረው ግራውንድ ሬንት ይቀርበታል። ሁለተኛ፣ ቤቱን መልሶ የሚያገኝበት ቀን 90 ዓመት ይገፋበታል፤ ይህንን ወደ ዛሬ ዋጋ ለማምጣት ለፍላት በዓመት 5% ይያዛል፣ ከ2006ቱ የስፖርቴሊ የፍርድ ጉዳይ ወዲህ የተለመደው ይኸው ነው። ሦስተኛው «ማሪጅ ቫልዩ» የሚባለው ነው፦ ሊዙ በመራዘሙ ብቻ የሚፈጠረው የዋጋ ጭማሪ ሲሆን ግማሹ ለፍሪሆልደሩ ይሰጣል። ይህ ሦስተኛው ክፍል የሚመጣው የቀረው ጊዜ 80 ዓመት ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ከ80 በላይ ከሆነ ሕጉ ዜሮ ያደርገዋል።

በቁጥር እንየው። ቤቱ ረጅም ሊዝ ቢኖረው £350,000 ያወጣል እንበል፤ ግራውንድ ሬንቱ በዓመት £100 የማይጨምር ነው፣ ለእሱም 6% እንያዝ።

82 ዓመት ሲቀር፦ የግራውንድ ሬንቱ ካሳ £1,650 ገደማ፣ ቤቱን ለማግኘት የሚዘገይበት ደግሞ £6,300 ገደማ ይሆናል። በድምሩ ወደ £8,000 ነው።

78 ዓመት ሲቀር፦ ሁለቱ ክፍሎች ተደምረው £9,300 ገደማ ናቸው፤ እስከዚህ ድረስ ብዙም አልጨመረም። አሁን ግን ማሪጅ ቫልዩ ገባ። ባልተራዘመ ሊዙ ቤቱ ከሙሉ ዋጋው 90% ያወጣል ብንል፣ ማለትም £315,000፣ የፍሪሆልደሩ ግማሽ £12,800 ገደማ ይሆናል። ድምሩ ከ£22,000 አለፈ።

በአራት ዓመት £14,000 ልዩነት መጣ ማለት ነው፣ የጠበቃና የሰርቬየር (የቤት ዋጋ ገማች ባለሙያ) ወጪ ሳይቆጠር። ያቺ 90% ደግሞ ራሷ የክርክር ርዕስ ናት። ሰርቬየሮች አጭር ሊዝ ከረጅሙ አንጻር ስንት ፐርሰንት እንደሚያወጣ የሚያሳዩ የተለያዩ ግራፎች አሏቸው፤ የፍሪሆልደሩ ሰው ዝቅተኛ ፐርሰንት የሚያሳየውን፣ የእርስዎ ሰው ከፍተኛውን ይዞ ይመጣል። በዚህ ምሳሌ 90% ወደ 87% ቢወርድ ብቻ ከ£5,000 በላይ ይጨምራል። ከ80 በታች ሰርቬየር ሳይይዙ መደራደር ከባድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በሕጉ መንገድ ዓመቱ የሚለካው ሕጋዊው ኖቲስ (የማራዘሚያ ጥያቄው ማስታወቂያ) ለፍሪሆልደሩ በሚሰጥበት ቀን ነው። ድርድሩ ዓመት ቢፈጅ እንኳ ያ ቀን አይነቃነቅም።

አንደኛው መንገድ፦ ሴክሽን 42

የሚያገኙት ነገር በሕግ የተወሰነ ነው፦ በቀረው ላይ 90 ዓመት ይጨመራል፣ ግራውንድ ሬንቱም ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ በውሉ ላይ «ፔፐርኮርን» ተብሎ ይጻፋል። 82 የነበረው 172 ይሆናል ማለት ነው። መብቱ የሚገኘው ሊዙ መጀመሪያ ሲሰጥ ከ21 ዓመት በላይ ከነበረ ነው። ቀድሞ ቤቱን ሁለት ዓመት ይዞ መቆየት ግዴታ ነበር፤ ይህ ከ31 ጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ቀርቷል። ባለቤትነትዎ ላንድ ሬጅስትሪ ላይ በስምዎ እንደሰፈረ ኖቲስ መስጠት ይችላሉ።

ሥራው የሚጀምረው በሰርቬየር ነው። በዚህ ዓይነት ሥራ የሚታወቅ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ይሁን፤ የሞርጌጅ ግምት የሚሠራ ሁሉ ይህንን አይሠራም። «ዝቅተኛው ምን ያህል ሊሆን ይችላል፣ ከፍተኛውስ?» የሚለውን በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ከዚያ ሶሊሲተሩ ኖቲሱን ያዘጋጃል። አሌፕ የሚባለው ማኅበር አባላት በዚህ ሥራ ላይ ያተኮሩ ሶሊሲተሮችና ሰርቬየሮች ናቸው። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ደግሞ ሊዝሆልድ አድቫይዘሪ ሰርቪስ ነጻ ምክር ይሰጣል፤ ድረ ገጹ ላይ ግምታዊ ዋጋ የሚያወጣ ማስያም አለው። ማስያው ለመነሻ ጥሩ ነው፣ ኖቲስ ላይ የሚጻፍ ዋጋ ግን ከእሱ አይወሰድም።

ኖቲሱ ላይ የሚበላሸው ነገር ብዙ ነው፤ የተበላሸ ኖቲስ ደግሞ እንዳልተሰጠ ሊቆጠር ይችላል። ቤቱ በባልና በሚስት ስም ከሆነ ሁለቱም ስም መግባት አለበት። የሊዙ ቀንና ዓመት በትክክል ይጻፋል። ያቀረቡት ዋጋ እውነተኛ ግምት መሆን አለበት፤ ዝም ብሎ የይስሙላ ቁጥር መጻፍ ኖቲሱን እንደሚያፈርስ ፍርድ ቤት ወስኗል። የሰርቬየሩን ዝቅተኛ ቁጥር ማቅረብ ግን ምንም ችግር የለውም፣ የተለመደም ነው። ለመልስ የሚሰጠው ቀን ኖቲሱ ከተሰጠበት ከሁለት ወር ማነስ የለበትም። በመጨረሻ፣ ኖቲሱ ለትክክለኛው ባለቤት መድረስ አለበት። ሰርቪስ ቻርጅ የሚሰበስበው የማኔጂንግ ኤጀንቱ ስም ደረሰኝ ላይ ስላለ ብቻ እሱ ፍሪሆልደር አይደለም። በእርስዎና በፍሪሆልደሩ መካከል ሌላ ሊዝ የያዘ ካለ፣ የማራዘሚያ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ሶሊሲተሩ ከሬጅስተሩ ያጣራል፤ ለሌሎቹም ቅጂ ይሄዳል።

ኖቲሱ ከወጣ በኋላ ፍሪሆልደሩ ካቀረቡት ዋጋ 10% ወይም £250፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ በማስያዣ መልክ መጠየቅ ይችላል፤ ሲጠየቁ 14 ቀን አለዎት፣ ስለዚህ ገንዘቡ ከመጀመሪያው ተቀምጦ ይቆይ። የራሱንም ሰርቬየር ልኮ ቤቱን ያስለካል። ከዚያ መብትዎን ተቀብሎ ከፍ ያለ ዋጋ የሚጠይቅ የመልስ ኖቲስ ይልካል። የተጠየቀው ዋጋ ሲያዩ አይደንግጡ፤ ሁለቱ ሰርቬየሮች ይነጋገራሉ፣ ብዙው ጉዳይ በመካከል ላይ ያርፋል። ፍሪሆልደሩ እስከ ቀነ ገደቡ ካልመለሰ ነገሩ ለእርስዎ ነው የሚያደላው፦ በስድስት ወር ውስጥ ካውንቲ ኮርት ካመለከቱ በኖቲሱ ላይ በጻፉት ዋጋ እንዲሰጥዎት መጠየቅ ይችላሉ።

ከሁሉም የሚያስከፍለው ቀነ ገደብ ቀጥሎ ያለው ነው። የመልስ ኖቲስ ከተሰጠ በኋላ ሁለት ወር ካለፈ፣ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በዋጋው ካልተስማማችሁ ወደ ፈርስት ቲየር ትሪቡናል (እንዲህ ያለውን ክርክር የሚያየው ችሎት) ማመልከት አለብዎት። የፍሪሆልደሩ ሰርቬየር «ሊያልቅ ነው፣ ትንሽ ይታገሡ» እያለ ስድስተኛው ወር ቢያልፍ ኖቲስዎ እንደተሰረዘ ይቆጠራል፣ ሌላ ለመስጠትም 12 ወር መጠበቅ አለብዎት። 80 ዓመት ከአምስት ወር የነበረው ሰው በዚያ 12 ወር ውስጥ ከመስመሩ በታች ይወርዳል። ማመልከቻ ማስገባት ድርድሩን አያቆምም፤ በአምስተኛው ወር መጀመሪያ አስገብቶ መነጋገሩን መቀጠል ይቻላል። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላም ሌላ የጊዜ ገደብ አለ፦ ሁለት ወር ለመፈራረም፣ ካልሆነ በቀጣዩ ሁለት ወር ወደ ካውንቲ ኮርት።

ወጪውን ሲያሰሉ የራስዎ ሶሊሲተርና ሰርቬየር ብቻ አይበቁም። በ1993ቱ ሕግ ሴክሽን 60 መሠረት የፍሪሆልደሩንም ተገቢ የሕግና የግምት ወጪ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት፤ መንገድ ላይ ሐሳብዎን ቢቀይሩም እስከዚያ የወጣውን ይከፍላሉ። ትሪቡናል ላይ የሚያወጣውን ግን እሱ ራሱ ይችላል። ሂሳቡ ከመጠን በላይ ከመሰለዎት እሱንም ትሪቡናሉ ያየዋል።

ሁለተኛው መንገድ፦ በስምምነት

ደብዳቤ ትጽፋላችሁ፣ ዋጋ ይነግራችኋል፣ ትስማማላችሁ። ፈጣን ነው፤ አንዳንዴ በሁለትና በሦስት ወር ያልቃል፣ የጠበቃውም ወጪ ሊያንስ ይችላል። ፍሪሆልደሩ የምታውቁት ሰው ከሆነ ወይም ካውንስሉ ግልጽ የሆነ አሠራር ካለው ጥሩ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ግን በዚህ መንገድ የሚመጣ ዋጋ ርካሽ ሲመስል ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። አንድ የተለመደ ዓይነት ደብዳቤ እንውሰድ፦ ሊዙ 82 ዓመት ቀርቶታል፣ ፍሪሆልደሩ «£5,500 ይክፈሉ፣ ወደ 99 ዓመት እመልስልዎታለሁ፣ ግራውንድ ሬንቱ እንዳለ ይቀጥላል» ይላል። በሕጉ መንገድ £8,000 ከሆነ £2,500 የተረፈ ይመስላል። የተጨመረው ግን 17 ዓመት ብቻ ነው። ከ19 ዓመት በኋላ ሊዙ እንደገና 80 ላይ ይደርሳል፣ እንደገና ይከፈላል፣ ያኔ ደግሞ የቤቱ ዋጋ ጨምሮ ይሆናል። ግራውንድ ሬንቱም አልቀረም። በሕጉ መንገድ ግን 90 ዓመት ተጨምሮ ግራውንድ ሬንቱ ዛሬውኑ ይሰረዝ ነበር።

በዚህ ላይ ከ30 ጁን 2022 ጀምሮ አንድ መከላከያ አለ። የግራውንድ ሬንት ሕግ የሚባለው ከዚያ ቀን በኋላ በስምምነት በሚራዘም ሊዝ ላይ፣ በቀድሞው ዓመት ውስጥ ያለው ግራውንድ ሬንት በነባሩ ልክ ሊቀጥል ይችላል፣ ከፍ ሊደረግ ግን አይችልም፤ የተጨመሩት ዓመታት ደግሞ ፔፐርኮርን መሆን አለባቸው ይላል። እየጨመረ የሚሄድ አንቀጽ ያለበት ሊዝ ከሆነ «በነባሩ ልክ» ማለት ያ እየጨመረ የሚሄደው አንቀጽ እንዳለ ይቆያል ማለት ስለሆነ፣ ችግሩ በሙሉ እጅዎ ላይ ይቀራል።

ሌላው ድክመቱ ሰዓቱ ነው። በስምምነት መንገድ እስክትፈራረሙ ድረስ ማንም በምንም አልታሰረም። ፍሪሆልደሩ ዋጋውን መቀየር፣ መልስ ማዘግየት፣ ዝም ማለት ይችላል፤ 80 ዓመቱ ደግሞ በዚያው ይነጉዳል። የቀረዎት 81 ወይም 80 ከግማሽ ከሆነ በስምምነት መንገድ መጀመርን አንመክርም፤ መጀመሪያ ሴክሽን 42 ኖቲስ ይሰጥ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል ተነጋገሩ። ኖቲሱ እያለ በጓዳ መስማማት አይከለከልም።

በስምምነት ከገፉበት፣ ረቂቁ ውል ሲመጣ ከዓመቱና ከግራውንድ ሬንቱ ሌላ የተቀየረ አንቀጽ ካለ ሶሊሲተሩ መስመር በመስመር ያወዳድር። ለማከራየት ፈቃድ መጠየቅ፣ ለእያንዳንዱ ፈቃድ ክፍያ፣ አዲስ የሰርቪስ ቻርጅ አከፋፈል በዚህ አጋጣሚ ሾልከው ይገባሉ። ሞርጌጅ ካለብዎት ደግሞ የባንኩን ፈቃድ ማግኘትና ዋስትናው ወደ አዲሱ ሊዝ እንዲዛወር ማድረግ ግዴታ ነው፤ በሴክሽን 42 መንገድ ሕጉ ራሱ ሞርጌጁን ወደ አዲሱ ሊዝ ያሸጋግረዋል።

ሦስተኛው መንገድ፦ ፍሪሆልዱን መግዛት

ሁለት ወይም ሦስት ፎቅ ያለው የድሮ ቤት ለሦስት ለአራት ፍላት ተከፍሎ ከሆነ፣ ጎረቤቶችም የሚነጋገሩ ከሆነ፣ ከሁሉ የተሻለው ይኸኛው ነው። ሁኔታዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ቢያንስ ሁለት ፍላት መኖር አለበት፤ ከፍላቶቹ ሁለት ሦስተኛው በረጅም ሊዝ የተያዙ መሆን አለባቸው፤ ቢያንስ ግማሹ በግዢው መሳተፍ አለባቸው፤ ሁለት ፍላት ብቻ ካለ ሁለቱም። ከታች ሱቅ ካለ ከሕንፃው ወለል 25% ማለፍ የለበትም፤ የ2024ቱ ሕግ ወደ 50% ቢያሰፋውም ይህ ለግዢ ገና አልጀመረም። ፍሪሆልደሩ ራሱ እዚያው የሚኖርበት፣ ከአራት ያልበለጠ ፍላት ያለው የተከፋፈለ ቤት ከሆነ ደግሞ ይህ መብት ላይሠራ ይችላል፤ የሊዝ ማራዘሙ መብት ግን ይሠራል።

የሚከብደው ሕጉ ሳይሆን ሰዎቹ ናቸው። በመካከል አንዱ «ገንዘብ የለኝም» ብሎ ሲወጣ የእሱን ፍላት ድርሻ የሚሸከሙት የቀሩት ናቸው። ስለዚህ ኖቲስ ከመውጣቱ በፊት ማን ስንት እንደሚከፍል፣ አንዱ ቢወጣ ምን እንደሚሆን የሚገልጽ ውል በጽሑፍ ይያዝ። ፍሪሆልዱን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም አባል የሆኑበት ኩባንያ ነው፤ ያ ኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት ለካምፓኒስ ሃውስ (የኩባንያዎች መዝገብ ቤት) ካላስገባ ተሰርዞ ጣጣ ያመጣል።

ፍሪሆልዱ በመገዛቱ ብቻ ሊዝዎ አልተራዘመም። በማስታወቂያ ላይ «ሼር ኦፍ ፍሪሆልድ» ተብሎ ሊዙ 64 ዓመት የቀረው ቤት ይገኛል። ግዢው እንዳለቀ ሁሉም ሊዞች ወደ 999 ዓመት እንዲራዘሙ ያድርጉ፤ ያኔ የሚከፈለው የጠበቃና የምዝገባ ወጪ ብቻ ነው። ሳይሠራ ከቀረ አንዱ ባለድርሻ ሲጣላ ወይም ሲሞት ነገሩ ይወሳሰባል።

ፍሪሆልደሩ ሕንፃውን ለሌላ ለመሸጥ ሲያስብ በ1987ቱ ሕግ ሴክሽን 5 መሠረት ለነዋሪዎቹ አስቀድሞ ኖቲስ መላክ አለበት፤ ካውንስል ከሆነ ይህ አይመለከተውም። ለመቀበል ቢያንስ ሁለት ወር ይሰጣል፣ ከነዋሪዎቹ ከግማሽ በላይ መስማማት አለባቸው። ያ ፖስታ እንደ ሰርቪስ ቻርጅ ደረሰኝ መሳቢያ ውስጥ እየገባ ስንት ዕድል እንደሚያልፍ እናውቃለን።

አራተኛው መንገድ፦ መጠበቅ

የሊዝሆልድና ፍሪሆልድ ማሻሻያ ሕግ በ24 ሜይ 2024 ጸድቋል። ማራዘሚያውን ወደ 990 ዓመት ያደርሰዋል፤ ማሪጅ ቫልዩን ያስቀራል፤ ዋጋ ሲሰላ ከቤቱ ዋጋ 0.1% በላይ የሆነ ግራውንድ ሬንት እንዳይቆጠር ያደርጋል፤ አብዛኛውን ጊዜም እያንዳንዱ ወገን የራሱን ወጪ ይችላል። በወረቀት ላይ ሲታይ መጠበቅ ግልጽ መልስ ይመስላል።

ነገር ግን እነዚህ ዋና ዋና ክፍሎች እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ሥራ ላይ አልዋሉም። ፍሪሆልደሮች ሕጉን ተቃውመው ያቀረቡትን ክስ ሃይ ኮርት በኦክቶበር 2025 ውድቅ አድርጎታል፤ ቢሆንም ሥራ ለማስጀመር መንግሥት ሌላ ደንብ ማውጣት አለበት። ብዙ ሰው የማያየው ነገር ደግሞ እዚያ ደንብ ውስጥ ነው ያለው። አሁን 5% የሚያዘውን ፐርሰንት የሚወስነው ያ ደንብ ነው። በምሳሌያችን ላይ 82 ዓመት ለቀረው ቤት 5% ወደ 4.5% ቢወርድ ያ £6,300 ወደ £9,300 ገደማ ይወጣል። ከ80 በላይ ላለ ሰው ማሪጅ ቫልዩ ድሮም አይከፍልም፤ ፐርሰንቱ ከወረደ አዲሱ ሕግ ሊያስወድድበት ይችላል።

ስለዚህ መጠበቅ የሚያዋጣው ለማን ነው? ከ90 በላይ ለቀረው፣ ግራውንድ ሬንቱ ዝቅተኛ ለሆነና በቅርብ ለመሸጥ ለማያስብ ሰው ምንም አይጎዳም። ከ75 በታች ወርዶ ማሪጅ ቫልዩ የከበደበት፣ ግን ቤቱ ውስጥ የሚኖርና የሞርጌጁ ማደሻ ገና ያልደረሰበት ሰውም ቢጠብቅ ሊገባን ይችላል፤ አንድ ዓመት ተጨማሪ የሚያመጣው ጭማሪ ማሪጅ ቫልዩ ቢቀር ከሚተርፈው ያንሳልና። ሞርጌጁ በቅርብ ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ግን ባንኩ ስንት ዓመት እንደሚፈልግ አሁኑኑ ይጠይቁ፤ ብዙ ባንኮች ከ70 በታች ሲሆን ፊታቸውን ያዞራሉ።

ከ80 እስከ 85 ያለ ሰው መጠበቅ የለበትም። እዚህ ላይ አንጠራጠርም። ሕጉ በሰዓቱ ቢመጣ የሚያተርፈው ጥቂት ነው፣ ባይመጣ የሚከስረው፣ በምሳሌያችን እንዳየነው፣ ከ£10,000 በላይ ሊሆን ይችላል።

ለመሸጥ ለሚያስቡ

ከ80 በታች የወረደ ቤት ለሽያጭ ሲቀርብ ሦስት አማራጭ አለ። አራዝሞ መሸጥ ጥሩ ነው፣ ግን ዓመት ሊፈጅ ይችላል። እንዳለ ዋጋ ቀንሶ መሸጥ ፈጣን ነው፤ ገዢው ደግሞ የማራዘሚያውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የድካሙንም ስለሚቀንስ ሻጩ ይጎዳል። መካከለኛው፣ ሻጩ ሴክሽን 42 ኖቲስ ሰጥቶ የኖቲሱን መብት ከቤቱ ጋር ለገዢው ማስተላለፍ ነው። የሁለት ዓመቱ ደንብ ከቀረ ወዲህ ገዢው ራሱ ወዲያው መስጠት ስለሚችል የድሮውን ያህል አያስፈልግም፤ 80 ሊሞላ ጥቂት ወር ሲቀር ግን አሁንም የሚያድነው እሱ ነው። የኖቲሱ መብት የሚተላለፈው ከሊዙ ጋር በአንድ ላይ መሆን አለበት። ሊዙ ተላልፎ ኖቲሱ ከተረሳ ኖቲሱ ያከትማል።

የማይገጥሙ ሁኔታዎች

ሼርድ ኦውነርሺፕ (የቤቱን ድርሻ ብቻ ገዝቶ ለቀሪው ኪራይ የሚከፈልበት) ላይ ድርሻዎ 100% ካልደረሰ በ1993ቱ ሕግ መተማመን አይቻልም፤ ሃውሲንግ አሶሲዬሽኑን በስምምነት ይጠይቁ። በሸሪዓ መንገድ የተገዛና ባለቤትነቱ በባንኩ ስም የተመዘገበ ቤት ከሆነ ኖቲሱን መስጠት ያለበት የተመዘገበው ባለቤት ስለሆነ ከባንኩ ይጀምሩ። ፍላት ሳይሆን ሙሉ ቤት በሊዝ ከሆነ የሚሠራው የ1967ቱ ሕግ ነው፤ እሱ የሚሰጠው 50 ዓመት፣ ያውም በአዲስ ግራውንድ ሬንት ስለሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፍሪሆልዱን መግዛቱ ይሻላል። ፍሪሆልደሩ የት እንዳለ ካልታወቀ መብቱ አይቀርም፦ ካውንቲ ኮርት ዋጋው እንዲወሰንና ገንዘቡ ለፍርድ ቤቱ እንዲገባ አድርጎ አዲሱን ሊዝ በፍሪሆልደሩ ምትክ ሊሰጥ ይችላል፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ።

ከተፈረመ በኋላ

አዲሱ ሊዝ ስለተፈረመ ብቻ ሥራው አላለቀም፤ ላንድ ሬጅስትሪ መመዝገብ አለበት። ሕጉ የሚያየው የድሮው ሊዝ ተመልሶ አዲስ እንደተሰጠ ስለሆነ አዲስ የታይትል ቁጥር ሊወጣ ይችላል። ፕሪሚየሙ ከፍ ያለ ከሆነ ወይም ሌላ ቤት ካለዎት የስታምፕ ዲዩቲ ጉዳይ ሶሊሲተሩ አስቀድሞ ያጣራ። ምዝገባው ሲያልቅ አዲሱን ሬጅስተር ራስዎ ያውርዱና አራት ነገር ይዩ፦ ዓመቱና የሚጀምርበት ቀን፣ የሁሉም ባለቤቶች ስም፣ የባንኩ ሞርጌጅ ወደ አዲሱ መዛወሩ፣ የድሮው ታይትል መዘጋቱ። ስህተት ካለ ሶሊሲተሩ ፋይሉን ሳይዘጋ ይታረም። ከዚያ የማኔጂንግ ኤጀንቱን በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ካልነገሩት የተሰረዘውን ግራውንድ ሬንት በየዓመቱ መጠየቁን ሊቀጥል ይችላል።